ሰውና ግሣንግሡ

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ አዳማ ከተመለስነው ተማሪዎች መካከል አንዱ ጓደኛችን፣ እናቱ ለልቅሶ ወደ ሞጆ ሄደው ሦስት ቀን በቆዩበት ጊዜ ቤቱን አጸዳ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ሁለት ክፍል ብቻ ያለው ቤት መተላለፊያ እስኪያጣ ድረስ በዕቃ ተሞልቶ፣ በዕቃውም ላይ የአዳማ አቧራ ተኝቶበት ማየት የሰለቸው ልጅ ቢያጸዳ አይፈረድበትም። ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሣጥኑ አናትና ከጓዳው ያወጣውን ግሣንግሥ ሁሉ በደጅ «ቆራሌው!» እያለ ለሚያልፈው ነጋዴ አስረከበና ጥቂት ብር ተቀበለ። ክዳን የሌላቸው ድስቶች፣ የተሰነጠቁ ጀሪካኖች፣ የዱቄት ወተት ቆርቆሮዎች፣ አንድ እግሩ የጠፋ ጫማ፣ እንዲሁም መስተዋቱ የተሰበረ አንድ የባቡር ፋኖስ ነበሩበት።

እናቱ ተመልሰው በገቡ ጊዜ አልተቆጡም። ነጠላቸውን ሳያወልቁ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና፣ «እንግዲህ አባትህ እዚህ ቤት ኖሮ አያውቅም በለኛ!» አሉት። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗል።

ጓደኛችን ይህን በጸጸት ሲነግረን፣ ከእኛም መካከል ይህን የመሰለ ሥራ ያልሠራ፣ ወይም ሊሠራ ያላሰበ ሰው ጥቂት መሆኑን ተረዳን። ስለዚህ ነገሩን ለብዙ ቀን ተነጋገርንበት፤ ያገኘነውንም አነበብን። ሰው የማይጠቅመውን ዕቃ አጥብቆ የሚይዘው ለምንድን ነው? ዕቃው ከቤት ሲወጣ ከባለቤቱ ላይ አብሮ የሚወጣው ምንድን ነው? ሰውየው ሳይጎዳ ከዕቃው የሚለይበት መንገድስ አለን? ለአንባቢያን ለማካፈል የፈለግነው ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ፣ ማከማቸት ሁሉ ነውር እንዳልሆነ እንስማማ። በአዳማም ሆነ በቢሾፍቱ፣ በባቱም ሆነ በሻሸመኔ የሚኖር ቤተ ሰብ ባዶ ጀሪካን የሚደረድረው፣ ቧንቧው ነገ ውኃ ላይሰጥ እንደሚችል ስለሚያውቅ ነው። የወተት ቆርቆሮ የበርበሬ ማስቀመጫ ይሆናል። ያረጀ ልብስ በልዋጭ የፕላስቲክ ሳህን ያመጣል። ቆራሌው የሰበሰበው ብረትና ቆርቆሮ ደግሞ በመርካቶ እንዳለው እንደ ምናለሽ ተራ ባለ ስፍራ ተቀጥቅጦ ምድጃና መጥበሻ ሆኖ ወደ ቤት ይመለሳል። ሌላው ዓለም ዛሬ በብዙ ስብሰባ የሚሰብከውን፣ ዕቃን መልሶ የመጠቀምን ጥበብ እናቶቻችን ያለ ሰባኪ ሲሠሩበት ኖረዋል። ከዩኒቨርሲቲ ተመልሶ «ይህ ሁሉ ቆሻሻ ምንድን ነው?» የሚል ልጅ፣ አስቀድሞ ዕቃው ምን እንደሚሠራ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ከዚህም ሌላ የማከማቸት ልማዳችን የራሱ ታሪክ አለው። አያቶቻችን የማሪያ ቴሬዛን ጠገራ ብር በማሰሮ ከትተው መሬት ይቀብሩ ነበር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ሕዝቡ ወረቀትን በጥርጣሬ የሚያይ ስለ ነበረ፣ ከሳንቲሞቹ መካከል ባለ 50ው ከእውነተኛ ብር ተሠርቶ ወጣ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ለማድረግ አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ፤ በዕድሜው ሙሉ ቆጥቦ ሁለትና ሦስት ቤት የሠራ ሰው በአንድ ቀን አንድ ቤት ብቻ ቀረው። በቅርቡም መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች እንዲቀየሩና ባለ 200 ብር እንዲጨመር ሲነገር፣ በፍራሽና በሣጥን የተደበቀው ገንዘብ ሁሉ በሦስት ወር ውስጥ ብቅ እንዲል ተገደደ። ሳይወጣ የቀረው ከተደበቀበት ሳይንቀሳቀስ ተራ ወረቀት ሆነ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያየ ቤተ ሰብ፣ በእጅ የሚዳሰስ ነገር ብቻ የሚታመን ቢመስለው ምን ይገርማል? «ለክፉ ቀን» የምንለው አነጋገር ከአየር የመጣ አይደለም። ክፉ ቀን በእውነት መጥቶ ያውቃል።

ይሁን እንጂ ክፉ ቀንን መፍራት ስለ ጀሪካኑ ቢያስረዳም፣ ስለ ፋኖሱ አያስረዳም። መስተዋቱ የተሰበረ ፋኖስ ለየትኛውም ክፉ ቀን አይበጅም። የእናቲቱም ቃል ስለ ብርሃን አልነበረም፤ ስለ ባላቸው ነበር። ከዚህ ላይ ነገሩ ከኢኮኖሚ ወጥቶ ወደ ሰው ውስጣዊ ጠባይ ይገባል።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊሊያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው የሥነ ልቡና መጽሐፉ ውስጥ ይህን አስቀድሞ ተመልክቶታል። እንደ እርሱ አስተሳሰብ፣ ሰው «እኔ» የሚለው ነገር በቆዳው ላይ አያበቃም። ልብሱ፣ ቤቱ፣ ልጆቹ፣ መሬቱና በባንክ ያለው ገንዘቡ ሁሉ ከ«እኔ»ነቱ ይቆጠራሉ። እነዚህ ሲያድጉ ያደገ ይመስለዋል፤ ሲጎድሉ ራሱ ይጎድላል። ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ትምህርት አይደለም። ባለ መሬት፣ ባለ ሱቅ፣ ባለ ካባ እያልን ሰውን በያዘው ነገር ስንጠራ ኖረናል። የሰዋስው መምህሮቻችን ሳይቀሩ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ሥራውን የሚሠራውን «ባለቤት» ብለው አስተምረውናል፤ ቤት የሌለው ቃል ግሥ ማሰር የማይችል ይመስል! ሆኖም ቋንቋዎቻችን ሌላም ነገር ያውቃሉ። አማርኛ «መጽሐፍ አለኝ» ሲል፣ ዕቃው በእኔ ዘንድ መገኘቱን ብቻ ይናገራል። ኦሮምኛ ለዚሁ የሚጠቀምበት «ቀቡ» የተባለው ግሥም መያዝና መጨበጥ ማለት ነው። የተገኘ ነገር ይሄዳል፤ የተያዘም ይለቀቃል።

ለመሆኑ ዕቃ ከሰው ጋር ለመጣበቅ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል? ካነማን፣ ክኔችና ታለር የተባሉ ሦስት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ጥናት የተካሄደው በተማሪዎች ላይ ስለ ሆነ ልብ ብለን አነበብነው። ከአንድ ክፍል ተማሪዎች ለግማሾቹ አንዳንድ የቡና ኩባያ ሰጧቸው፤ ለቀሩት አልሰጡም። ከዚያም ኩባያ የደረሳቸው በስንት እንደሚሸጡ፣ ያልደረሳቸውም በስንት እንደሚገዙ ተጠየቁ። ሻጮቹ የጠሩት ዋጋ ገዢዎቹ ከጠሩት በእጥፍ ያህል በለጠ። ኩባያው አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ከጥቂት ጊዜ በፊት «የእኔ» መባሉ ብቻ ነው። በአንድ የትምህርት ሰዓት ይህ ከሆነ፣ 20 እና 30 ዓመት በአልጋ ሥር የኖረ ፋኖስ ምን ያህል ሊጣበቅ እንደሚችል አንባቢ ይገምት። (ኩባያ ከተነሣ ዘንድ፣ በየቤታችን ቡፌ ውስጥ «ለእንግዳ» ተብለው ተደርድረው አንድ እንግዳ እንኳ ሳይጠጣባቸው ያረጁትን ብርጭቆዎች ሳናነሣ ማለፍ አንፈልግም። የተጠበቀው እንግዳ ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልገባንም።)

ስለ እናቶቻችን ብቻ መናገር ድፍረት ይሆንብናልና፣ አሁን የራሳችንን ሎከር እንክፈት። የአንደኛ ዓመት ሃንድአውት በላስቲክ ታስሮ አለ። ከዚያ በፊት የነበሩ ተማሪዎች የተፈተኗቸው የፈተና ወረቀቶች ኮፒ አለ። ትምህርቱን ካለፍን ሦስት ዓመት ቢሆንም አንዱንም አልጣልንም። በስልካችንማ ውስጥ ያለው አይነገርም። ከቴሌግራም ያወረድነው የፒዲኤፍ መጽሐፍ በመቶ ይቆጠራል፤ ከእነዚህ ውስጥ እስከ ሁለተኛው ምዕራፍ የዘለቅንባቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስልኩ ሞላሁ ብሎ ሲጮኽ የእኅታችንን የሠርግ ፎቶግራፍ አጥፍተን መጽሐፎቹን እናስተርፋለን። የቆጧን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ከእኛ አንዱ ከኢንጂነሪንግ ወደ ሌላ የትምህርት ክፍል የተዛወረ ነው። የሥዕል መሣሪያውን፣ ማለት ረጅሙን ማስመሪያና የኮምፓሱን ሣጥን፣ እስከ አሁን በልብሱ መካከል አስቀምጦታል። የሚያስፈልጋቸው የአንደኛ ዓመት ልጆች ሁለት ጊዜ ጠይቀውት እምቢ ብሏል። ምክንያቱን ስንጠይቀው ብዙ ካመነታ በኋላ፣ መሣሪያውን መስጠት «ኢንጂነር አልሆንኩም» ብሎ በገዛ እጁ እንደ መፈረም እንደሚሆንበት ነገረን። እናቲቱ የያዙት የነበረውን ሕይወት ነው፤ ይህ ጓደኛችን የያዘው ደግሞ ሊሆን ፈልጎ ያልሆነውን ነው። እኛ እንደምናስበው ሁለተኛው ይከብዳል። ላለፈ ነገር ይለቀሳል፣ ሰልስትና ዐርባም ይወጣለታል፤ ላልሆነ ነገር ግን ድንኳን የሚተክል የለም።

ከዚህ ላይ ስለ ሕመሙም ጥቂት መናገር ይገባናል። በአንዳንድ ሰው ላይ ነገሩ ከልማድ አልፎ በሽታ ይሆናል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ያለ ልክ ማከማቸትን ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ መዝግቦታል፤ የዓለም የጤና ድርጅትም በ11ኛው የበሽታዎች ዝርዝሩ ተቀብሎታል። ሐኪሞች የሚመለከቱት የዕቃውን ብዛት ብቻ አይደለም። ሰውየው ዋጋ የሌለውን ነገር እንኳ መጣል ያስጨንቀዋል ወይ? ቤቱስ በዕቃ ከመሞላቱ የተነሣ አልጋው የማይተኛበት፣ ምድጃው የማይበሰልበት ሆኗል ወይ? ኑሮውስ ተሰናክሏል ወይ? እነዚህን ይጠይቃሉ። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በወጣትነት ይጀምርና ከዕድሜ ጋር እየባሰ ይሄዳል። እስከምን ሊያደርስ እንደሚችል የኒው ዮርክ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1947 አይተዋል። ሆመርና ላንግሊ ኮልየር የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች በሰበሰቡት ዕቃ መካከል ሞተው ተገኙ። ላንግሊ ከጋዜጣና ከሣጥን ክምር የሠራው ወጥመድ በራሱ ላይ ተንዶ ገደለው፤ ዓይነ ስውርና ሽባ የነበረው ሆመር ምግብ የሚያቀብለው አጥቶ በረኃብ አለቀ። ከቤቱ የወጣው ዕቃ ከ100 ቶን በላይ ነበር።

ይህን የመሰለ ሰው በቤቱ ያለው አንባቢ ጉዳዩን ወደ አእምሮ ሐኪም ቢወስድ ይጠቀማል። ሐሳብንና ልማድን በንግግርና በልምምድ ቀስ በቀስ የሚያስተካክል ሕክምና አለ፤ ብዙዎችንም ረድቷል። ሰውየው ሳይፈቅድ ቤቱን ጠራርጎ ማውጣት ግን መድኃኒት አይደለም። ጭንቀቱ ይብሳል፣ ቤተ ዘመድን ማመን ይቀራል፣ ቤቱም ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ይሞላል። ልብ በሉ፤ ይህ ለታመመው ብቻ አይሠራም። ጓደኛችን የእናቱን ቤት ሲጠርግ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ እናቲቱ ግን ሕመምተኛ አልነበሩም።

እንግዲህ ዕቃንና ራስን መለየት የሚቻለው እንዴት ነው? መጣል ከመለየት በኋላ የሚመጣ ነገር ነው ብለን እናምናለን። ፋኖሱ በቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነበረው፤ ይኸውም መመስከር ነው። ምስክሩን ከማሰናበት በፊት ቃሉን መቀበል ያስፈልጋል። ይህን የሚደግፍ ጥናት በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል፤ የተደረገውም እንደ እኛ በመኝታ ቤት በሚኖሩ ተማሪዎች ዘንድ ነው። በትምህርቱ ዘመን መጨረሻ የማይፈልጉትን ዕቃ ለችግረኞች እንዲሰጡ ሲጠየቁ፣ ለአንዳንዶቹ መኝታ ቤቶች «የምትወዱትን ዕቃ ፎቶግራፍ አንሡና ስጡ» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ለሌሎቹ የተለመደው «ስጡ» ብቻ ተባለ። ከመጀመሪያዎቹ 613፣ ከሁለተኞቹ 533 ዕቃ ተሰበሰበ። ልዩነቱ ተራራ የሚያኸል ባይሆንም መንገዱን ያሳያል። ትዝታው ሌላ ማደሪያ ካገኘ እጅ ይላላል።

ሁለተኛው ነገር ዕቃው የት እንደሚሄድ ማወቅ ነው። ሰው ጨርሶ የሚጠፋን ነገር ለመልቀቅ ይሳሳል፤ በሌላ ሰው እጅ የሚሠራን ግን ከዚያ ይልቅ በቀላሉ ይለቃል። በዚህ ረገድ ከአካባቢያችን የምንማረው አለ። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ከብት የሀብት ብቻ ሳይሆን የክብርም መለኪያ ነው። ይሁን እንጂ በቦረና ባለው የቡሳ ጎኖፋ ሥርዐት ድርቅ ወይም አደጋ ከብቱን ለጨረሰበት ሰው ጎሣው ከብት አዋጥቶ እንደ ገና ያቋቁመዋል። የኦሮሚያ ክልልም ዛሬ የአደጋ ጊዜ መረዳጃ ተቋሙን በዚሁ ስም ይጠራዋል። ላሟን የሰጠ ሰው ላም ቀነሰበት እንጂ ክብር አልቀነሰበትም፤ እንዲያውም ስሙ በተቀባዩ ቤት ይነሣል። «ባለ ላም» ከመባል «ላም የሰጠን» መባል ረጅም ዕድሜ አለው።

«ታዲያ ምንም ነገር አይቀመጥ ነው የምትሉት?» ለሚለን መልሳችን አይደለም ነው። ከአዳማ ወደ ደቡብ ወርደን በዝዋይ ሐይቅ ላይ ያለችውን የደብረ ጽዮንን ደሴት እንመልከት። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው የአክሱም ካህናት ከዮዲት ጉዲት ሸሽተው ታቦቱንና መጻሕፍቱን ወደዚያች ደሴት አመጡ፤ የዛይ ሕዝብም ጥንታዊ የብራና መጻሕፍትን በዚያ ጠብቆ ኖሯል። ይህም ማከማቸት ነው፤ ግን ከእኛ ሎከር በእጅጉ ይለያል። ጠባቂው መጽሐፉን የሚጠብቀው ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ነው፤ እርሱ ሲሞት መጽሐፉ ሌላ ጠባቂ ያገኛል። እኛ ብንሞት ሃንድአውቱን ማን ይጠብቀዋል? በአንጻሩ ለአንደኛ ዓመት ልጅ ብንሰጠው በዚህ ሰሚስተር ይነበባል።

ሦስተኛው፣ ምናልባትም ዋናው ነገር፣ ፈቃጁ ማን ነው የሚለው ነው። አዋጅ የወሰደበት ሰውና በገዛ እጁ የሰጠ ሰው ሁለቱም ዕቃ ጎድሎባቸዋል፤ የመጀመሪያው ግን ራሱም ጎድሎ ይውላል። ዕቃውን እያነሣ «ይህ ይቅር፣ ይህ ይሂድ» የሚለው ባለቤቱ ካልሆነ በቀር፣ ልጅም ቢሆን፣ የተማረም ቢሆን፣ ቀማኛ ነው። ቃሉ ይከብዳል፤ ጓደኛችን ራሱ ስለ ተጠቀመበት አልሰረዝነውም።

እርሱ ፋኖሱን ሁለት ቀን ሙሉ በባጃጅ እየዞረ በአዳማ ካሉ የቆራሌ ነጋዴዎች ግቢ ፈለገው። አላገኘውም፤ ተጨፍልቆ በኩንታል ሳይጫን አልቀረም። በሦስተኛው ቀን ማታ እናቱ ቡና ሲያፈሉ አጠገባቸው ተቀምጦ ስለ ፋኖሱ ጠየቃቸው። እስከ ዕለተ ዕረፍታቸው የአባቱ የሥራ ፋኖስ መሆኑን ብቻ ነበር የሚያውቀው። መስተዋቱ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ እንደ ነበረ፣ አባቱ ሌሊት ከጣቢያ ሲመለሱ ደጃፉ ላይ አስቀምጠው በሩን እንደሚያንኳኩ፣ እርሱ በተወለደባትም ሌሊት ጎረቤት የተጠራው በዚያው ፋኖስ ብርሃን እንደ ነበረ ነገሩት። ይህን ሁሉ በደብተር ጻፈው። ለእኛም ያነበበልን ከዚያው ደብተር ነው።

በማግሥቱ እናቲቱ ማንም ሳይጠይቃቸው ቡፌውን ከፍተው ብርጭቆዎቹን አወረዱ። ስድስቱን ለምታገባው ለጎረቤታቸው ልጅ ሰጡ፤ ስድስቱን አጥበው ለቤት አደረጉና በዚያው ቀን ለልጃቸው ውኃ አቀረቡለት። ከቁም ሣጥኑ ውስጥ አራት ቀሚስ ለልዋጭ ወጣ። የአባቱ ቆብ ተመልሶ ገባ። የእንጨቱ ሣጥን ግን አልተከፈተም። ቁልፉ በመቀነታቸው ላይ ነው፤ «ለገና ስትመጣ እናያለን» ብለውታል።